ስድስት ቁጥሩ፦ የሁለት ሥራ ሰው

በሀገራችን ክለቦች ሁለገብ ተጫዋች የሚታወሰው ሰው ሲጎድል ነው። የመስመር ተከላካዩ ይጎዳል ወይም የመሐል ተከላካዩ በካርድ ይቀጣል፤ አሠልጣኙም ወደ ተቀያሪ ወንበሩ ዞር ብሎ «እስቲ ዛሬን አንተ ሸፍን» ይላል። ልጁ ይሸፍናል፣ ይመሰገናል፣ የጎደለው ሲመለስ ደግሞ እሱ ወደ ወንበሩ ይመለሳል። ይህ አያያዝ የተገለበጠ ይመስለኛል። በተከላካዮችና በአማካዮች መካከል የሚቆመው ስድስት ቁጥር፣ መከላከሉንም ማደራጀቱንም የሚችል ከሆነ፣ በአሰላለፍ ወረቀቱ ላይ ከሁሉ በፊት መጻፍ ያለበት እሱ ነው። የሌሎቹ ቦታ የሚወሰነው እሱ ሊሸፍን በሚችለው ልክ ነውና። ሁለገብነቱ ግን የእግሩ ብቻ ጸጋ አይደለም። አሠልጣኙ መቼ የት መሆን እንዳለበት አስቀድሞ ካልነደፈለት ያ ሁሉ ችሎታ ሜዳ ላይ ይባክናል።

ሥራውን ቀረብ ብለን እንየው። ቡድኑ በ4-3-3 ተሰልፏል እንበል። ኳሱ በቡድኑ እግር ሥር ሳለ ስድስት ቁጥሩ ወደ ኋላ ወርዶ በሁለቱ የመሐል ተከላካዮች መካከል ይገባል። እነሱ ግራና ቀኝ ይከፈታሉ፤ የመስመር ተከላካዮቹም ጀርባቸው ስለተጠበቀላቸው እስከ ተጋጣሚው የማዕዘን ባንዲራ ድረስ መውጣት ይችላሉ። በአንድ ሰው የአሥር ሜትር እርምጃ በአራት ይከላከል የነበረው ቡድን ከኋላ በሦስት የሚገነባ፣ ከፊት በሰባት የሚያጠቃ ሆነ ማለት ነው፤ ተቀይሮ የገባ ማንም የለም። ኳሱ ሲነጠቅ ደግሞ መልሶ ማጥቃቱን መጀመሪያ የሚጋፈጠው ይኸው ሰው ነው። ሁልጊዜ እንዲነጥቅ አይጠበቅበትም፤ ኳስ የያዘውን ተጫዋች ወደ መስመር ገፍቶ ሦስት አራት ሰከንድ ካዘገየው ጓደኞቹ ይመለሳሉ። ተጋጣሚ ከመስመር ሊያሻማ ሲዘጋጅም ወደ ሳጥኑ ገብቶ ሦስተኛ የመሐል ተከላካይ ይሆናል። ተመልካች ይህን ሁሉ እምብዛም አያየውም፤ ዓይኑ ኳሱ ላይ ነው፣ ሥራው ግን የሚሠራው ኳሱ በሌለበት ነው።

በዓለም ታላላቅ ሜዳዎች የታየውም ከዚህ የተለየ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ሮም ላይ በተደረገው የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ባርሴሎና በቅጣትና በጉዳት ከተከላካዮቹ ብዙዎቹ ጎድለውበት ነበር። አሠልጣኙ ጋርዲዮላ አይቮሪኮስታዊውን አማካይ ያያ ቱሬን የመሐል ተከላካይ አድርጎ አሰለፈው፤ ማንችስተር ዩናይትድም 2 ለ 0 ተሸነፈ። ይህን «ቀዳዳ መሸፈን» ብሎ ማለፍ ይቻል ይሆናል። ነገር ግን በዓመቱ ማስቸራኖ ከሊቨርፑል በአማካይነት መጥቶ በባርሴሎና አብዛኛውን ጊዜ የመሐል ተከላካይ ሆኖ ሲጫወት፣ ነገሩ የጭንቅ ቀን መላ ሳይሆን የታሰበበት አሠራር መሆኑ ተረጋገጠ። በ2023 ማንችስተር ሲቲ ኢስታንቡል ላይ ኢንተርን 1 ለ 0 ሲያሸንፍ ደግሞ ነገሩ በተቃራኒው ሄደ፤ ተከላካዩ ጆን ስቶንስ ቡድኑ ኳስ በያዘ ቁጥር ወደ አማካይ ቦታ ይወጣ ነበር። አማካዩ ይውረድ ወይስ ተከላካዩ ይውጣ የሚለው የአሠልጣኙ ምርጫ ነው። ሁለቱም ቡድኖች ያተረፉት አንድ ነገር ነው፦ ሰው ሳይቀይሩ ቅርጽ መቀየር።

ይህ ሐሳብ ይበልጥ ፍጥጥ ብሎ የሚታየው ግን ከእኛ ኳስ ውጭ፣ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መካከል በሚደረገው የአሜሪካ እግር ኳስ ነው። በዚያም ጨዋታ በየወገኑ አሥራ አንድ ሰው ይሰለፋል። ከሚከላከለው ወገን ሦስት ወይም አራት ግዙፎች ከፊት መስመር ይይዛሉ፤ ከኋላ ፈጣኖቹ ቀላቢዎችን፣ ማለትም የሚወረወረውን ኳስ የሚይዙትን አጥቂዎች ይጠብቃሉ። በሁለቱ መካከል የሚቆሙት ላይንባከር ይባላሉ፤ የኛ ስድስት ቁጥር ዘመዶች ናቸው። ድሮ የላይንባከር ዋና ሥራ ኳስ ይዞ በመሐል የሚሮጠውን መጣል ስለነበር ከባድና ደረተ ሰፊ ሰው ይመረጥለት ነበር። ከዚያ የዩኒቨርሲቲ አሠልጣኞች አራትና አምስት ቀላቢዎችን በሜዳው ስፋት ሁሉ መበተን ጀመሩ። ያ ከባድ ሰው ሜዳው መካከል ብቻውን ቀረ፤ ሩጫውን ላስቁም ቢል ኳሷ ከራሱ በላይ ትወረወራለች፣ ቀላቢውን ልከተል ቢል ሩጫው ይከፈታል። እሱን አስወጥቶ ፈጣን ሰው ማስገባትም ሁልጊዜ አይሆንም። አጥቂው ወገን ማንንም ሳይቀይር እየተጣደፈ ቀጣዩን ጨዋታ ሲጀምር ተከላካዩ ለመቀየር ጊዜ አያገኝምና።

የዩኒቨርሲቲው ሜዳም ለዚህ የተለየ ምክንያት አለው። ጨዋታው የሚጀመርባቸው ሁለት የውስጥ መስመሮች በዩኒቨርሲቲ ደረጃ በ12 ሜትር ያህል ሲራራቁ፣ በፕሮፌሽናሉ ሊግ ርቀቱ ከ6 ሜትር አይሞላም። ሜዳው 49 ሜትር ገደማ ስፋት ስላለው፣ ኳሱ ከአንዱ መስመር ላይ ሲጀመር በአንድ ወገን 18፣ በሌላው ወገን 30 ሜትር ክፍት ቦታ ይኖራል። ያንን ሰፊ ወገን የሚይዝ ሰው ከባዱን ሯጭ ለመጣል ጉልበት፣ ቀላቢውን ለመከተል ደግሞ ፍጥነት ያስፈልገዋል። የክሌምሰን ዩኒቨርሲቲው አይዛያ ሲመንስ የዚህ ዘመን ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 በአንድ የውድድር ዘመን በአምስት የተለያዩ ቦታዎች እየተሰለፈ ለምርጥ ላይንባከር የሚሰጠውን የበትከስ ሽልማት ወሰደ፤ ቡድኑም እስከ ብሔራዊው ፍጻሜ ሳይሸነፍ ዘለቀ።

ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ ዋንጫን ስታነሳ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው 2 ለ 2 ያደረገችውን ግብ ያስቆጠረው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር፤ ከመሐል ሜዳ የመጣ ሰው። ከዚያ በተጨማሪ ሰዓት ግብፅን 4 ለ 2 አሸነፍን። ልክ በ51 ዓመቱ፣ በዚያው በጥር 13 ቀን፣ ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ በተመለሱበት የአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ላይ ከያኔዋ ሻምፒዮን ዛምቢያ ጋር ተገናኙ። የቀን አቆጣጠር አጋጣሚ ነው፤ ቢሆንም ደስ ይላል። ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው ከእረፍት በፊት በቀይ ካርድ ወጣ፣ ሳላዲን ሰዒድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፣ ዛምቢያ መራች። ከእረፍት በኋላ በአሥር ሰው 1 ለ 1 ያደረገው አዳነ ግርማ ነው፤ በክለቡ በቅዱስ ጊዮርጊስ ከተከላካይ እስከ አጥቂ የተሰለፈው አዳነ። በአሥር ሰው መጫወት የሁለገብነት ትልቁ ፈተና ነው። አንድ ሰው በጎደለ ቁጥር ከቀሩት መካከል ቢያንስ አንዱ ሁለት ሥራ መያዝ አለበት፤ በዚያ ዘመን ደግሞ በአንድ ጨዋታ የሚፈቀደው ቅያሪ ሦስት ብቻ ነበር፣ አንዱም ለተተኪው ግብ ጠባቂ ሄዷል።

ለጎጃም አንባቢ ቅርብ የሆነው ማስረጃ ባሕር ዳር ላይ አለ። ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አይቮሪኮስትን ስታስተናግድ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ግብ ተቆጠረባት። ያንን ገልብጠው 2 ለ 1 ያደረጉት ሱራፌል ዳኛቸውና ሽመልስ በቀለ ናቸው፤ ሁለቱም አማካዮች። አማካይ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ግብ የሚያገባው ከኋላው የተወውን ቦታ የሚጠብቅለት ሲኖር ነው። ጋዜጣው የግብ አግቢውን ስም ይጽፋል፣ ደጋፊው ስሙን ይዘምራል፤ ቦታውን የጠበቀው ግን በቁጥር መዝገቡ ላይ አይገኝም። ይህ ሰው በገበያው ርካሽ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚል ተቃዋሚ እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ ማስረጃም አያጣም። ከላይ ያነሳሁት ሲመንስ ራሱ ይጠቀስብኛል። እ.ኤ.አ. በ2020 የፕሮፌሽናሉ ሊግ ቡድን አሪዞና ከአገሩ ተመራጮች ሁሉ በስምንተኛነት ወሰደው፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ግን ቦታው ሳይጸና ቀረ፣ በ2023 ለኒው ዮርክ ጃያንትስ የተላለፈውም በጣም በአነስተኛ ዋጋ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሚያሳየው ግን ተቃዋሚው የሚለውን አይደለም። ሰውየው ያው ነው፣ እግሩም ያው ነው። ክሌምሰን ላይ የመከላከሉ አሠልጣኝ ብሬንት ቬነብልስ ዕቅዱን በእሱ ዙሪያ ሠርቶ ነበር፤ አሪዞና ላይ ግን አንዴ ወደ መሐል፣ አንዴ ወደ ኋላ እየተዛወረ ቦታ ሲፈለግለት ከረመ። ተረቱ የሚነቅፈው ሁለት ዛፍ በአንድ ጊዜ የሚወጣውን ነው። ጥሩ ስድስት ቁጥር ደግሞ በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው ያለው፤ ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ያውቃል እንጂ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የአካል ብቃት ነው። በ2014 ዓ.ም. ያውንዴ ላይ ዳዋ ሆቴሳ በአራተኛው ደቂቃ አግብቶልን ብንመራም በካሜሩን 4 ለ 1 ስንሸነፍ፣ ብዙ ሰው «ልጆቻችን ለዚህ ቦታ ትንንሽ ናቸው» አለ። ትከሻ ይረዳል፤ ጋቶች ፓኖምን የመሰለ ረጅም አማካይ ያለው አሠልጣኝ የአየር ኳሱን ሳይሳቀቅ ያያል። ሆኖም ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 አካባቢ የሆነው ኒጎሎ ካንቴ እ.ኤ.አ. በ2016 ሌስተርን፣ በዓመቱ ደግሞ ቼልሲን የእንግሊዝ ሻምፒዮን ካደረጉት አንዱ ነው፤ በ2018ም ከፈረንሳይ ጋር የዓለም ዋንጫን አነሳ። ሥራው የሚጠይቀው ቀድሞ መድረስን ነው፤ ቀድሞ መድረስ ደግሞ በሳንባና በጨዋታ ንባብ ይመጣል። ሳንባውን ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኘው ደብረ ማርቆስ ለልጆቿ በነፃ ትሰጣለች። የጎደለው ንባቡ ነው፤ እሱን ደግሞ ማስተማር ይቻላል።

ለማስተማሩ መነሻም ከሩቅ አይመጣም። በደጋው አገር የገና ጨዋታ ላይ የተወሰነ የሰው ቁጥር፣ የተመደበ ቦታም የለም። እሩሯ ወደ ወገኑ ስትመጣ የሚከላከለው ወጣት ስትርቅ ያሳድዳታል፤ ማንም «የኔ ቦታ እዚህ ነው» ብሎ አይቆምም። በየመንደሩ ሜዳ ኳስ የሚያንከባልሉት ሕፃናትም እንደዚሁ ናቸው። ይህን ነፃነት የምናጠፋው ልጁ ወደ ታዳጊ ቡድን በገባ ሳምንት ነው፤ ረጅሙን ተከላካይ፣ ፈጣኑን የመስመር አጥቂ ብለን ቁጥር እንሰጥና ያ ቁጥር እስከ ዋናው ቡድን ይከተለዋል። ሥርዓት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፤ ሜዳ ላይ መንጋጋት ሁለገብነት አይባልም። የምለው ልጁ ሦስቱን ሁኔታዎች፣ ማለትም ኳስ ሲኖረን፣ ስንነጠቅና ሲሻማብን፣ ከተለያየ ቦታ ይልመዳቸው፤ ቦታውም በአሥራ ሰባት በአሥራ ስምንት ዓመቱ ይጽና ነው። ለዚህ አዲስ ስታዲየምም የውጭ አሠልጣኝም አያስፈልግም፤ ኮኖችና ማስታወሻ ደብተር ይበቃሉ።

የደብረ ማርቆስ፣ የደጀን፣ የቢቸናና የፍኖተ ሰላም ታዳጊ አሠልጣኞች ከሚቀጥለው ልምምድ ጀምሮ ስድስት ቁጥራቸውን መጀመሪያ ይምረጡ፤ የቀሩትን አሥሩን ከዚያ ያሰልፉ። ተመልካቹም ያግዛቸው። ባሕር ዳር ከተማ ሲጫወት የመስመር ተከላካዩ መሐል ሜዳውን ባለፈ ቁጥር ኳሱን ተዉትና ከኋላው ማን እንደቆመ እዩ። ማንም ከሌለ ተከላካዩን ከመስደባችሁ በፊት አሠልጣኙን ጠይቁ።