ዋንዛ የማይወደው ስለት

መዳፍ ላይ ሲያስቀምጡት ትልቅ የካፖርት ቁልፍ ይመስላል። አራት ማዕዘን ነው፤ ጎኑ 15 ሚሊሜትር ቢሆን ነው፣ መሀሉ ላይ የብሎን ቀዳዳ አለው። አይቶ የናቀው ሰው አንስቶ ሲይዘው ይገረማል፤ በመጠን የሚያክለውን ብረት እጥፍ ገደማ ይመዝናል። ካርባይድ ይሉታል፣ አንዳንዱ ባለሙያ ደግሞ ቪዲያ ይለዋል። ከብረት ዘንግ ጫፍ ላይ በብሎን ታስሮ፣ ረዥም የእንጨት እጀታ ተገጥሞለት፣ እንጨት ቶርኖ ላይ ይሠራል።

የቶርኖውን ነገር አንባቢ ያውቀዋል፤ እንጨቱ ይሽከረከራል፣ ስለቱ ይጠጋዋል፣ የአልጋ እግርና የረከቦት እግር ክብ ሆኖ ይወጣል።

ይህን ቁራጭ ፍኖተ ሰላም ውስጥ አስፋልት ዳር ወዳለ አንድ እንጨት ቤት ይዤ የሄድኩ ጊዜ፣ ባለቤቱ ዕድሜያቸው የገፋ አናጢ ነበሩ፤ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት።

«ይቺ ናት እንጨት የምትቆርጠው?»

«ይሞክሯት እንጂ ጋሼ።»

መጀመሪያ የደረቀ ወይራ ላይ ሞከሯት። ወይራ የመሮ ጠላት ነው፤ የጎጃም ቀጥቃጭ ከመኪና ባሌስትራ የሠራው ጥሩ መሮ እንኳ ወይራ ላይ ቶሎ ዶልዱሞ ወደ ድንጋይ ይመለሳል። ካርባይዷ ግን ሳትሳል አረፈደች። ጋሼ ፊታቸው ፈታ አለ። ቀጥለው ዋንዛ አሰሩ። ጥቂት ገፋ አድርገው ቶርኖውን አቆሙና ጣታቸውን እንጨቱ ላይ አሳለፉ። «ጠጉር አበቀለ» ብለው እጀታውን መለሱልኝ።

እውነታቸውን ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፦ ካርባይድ ከመሮ ይበልጥ ስል የሆነ ይመስለዋል። አይደለም። አሁን ከድንጋይ የተነሳ መሮ ከአዲስ ካርባይድ ይልቅ ስል ነው። የካርባይዱ ጸጋ ስለቱን ይዞ መቆየቱ ነው። መሮው ጠዋት ስል ሆኖ ምሳ ሳይደርስ ይዶለዱማል፤ ካርባይዱ ጠዋት የነበረውን ማታም ይዞት ይገኛል። ደግሞም አሠራራቸው ይለያያል። መሮ በሰያፍ ገብቶ የእንጨቱን ጅማት ይቆርጠዋል፤ ካርባይድ ፊት ለፊት ቆሞ ይፍቀዋል። ጅማቱ ጥቅጥቅ ያለው ወይራ ሲፋቅ እንደ መስታወት ይለሰልሳል። ለስላሳው ዋንዛ ሲፋቅ ጅማቱ ከመቆረጥ ይልቅ ይነቀላል፤ ጋሼ ጠጉር ያሉት እሱን ነው። ስለዚህ ዋንዛን በካርባይድ አሻካራውን አውጡና መልኩን ስጡት፣ የመጨረሻውን ስስ ሽፋን በተሳለ መሮ ውሰዱት። ጠጉሩን በብርጭቆ ወረቀት አጠፋለሁ ብሎ ግማሽ ቀን የሚፈትግ ሰው አይቻለሁ። ወረቀቱም ያልቃል፣ የእግሩ ቅርጽም ይበላሻል።

ካርባይድ ከመሮ ይበልጥ ስል ነው ለሚለው ስሕተት ቪዲያ የሚለው ስም ራሱ ሳያግዝ አልቀረም። ነገሩ የተወለደው ከእንጨት ሥራ ርቆ፣ ከአምፖል ነው። የአምፖል ውስጥ ክር ከተንግስተን ይሠራል፤ ክሩን እየሳበ የሚያቀጥነው ቀዳዳ ደግሞ አልማዝ ነበረና ዋጋው አይቀመስም። እ.ኤ.አ. በ1923 ጀርመን ውስጥ ለኦስራም የአምፖል ድርጅት ይሠራ የነበረው ካርል ሽሮተር የተንግስተን ካርባይድን ዱቄት ከኮባልት ጋር ተጭኖ በሙቀት በማያያዝ የአልማዙን ምትክ አገኘ። የጀርመኑ የብረት ድርጅት ክሩፕ እ.ኤ.አ. በ1926 ለገበያ ሲያቀርበው ቪዲያ አለው፤ በጀርመንኛ «እንደ አልማዝ» ማለት ነው። እንደ አልማዝ የተባለው ግን ጥንካሬው ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ቶርኖአችን ሲቆም፣ በአምፖል ምክንያት የተወለደ ስለት ይዘን ጨለማ ውስጥ መቀመጣችን ሁልጊዜ ያስቀኛል።

አያያዙን እኔም በኪሳራ ነው የተማርኩት። መሮ የለመደ እጅ እጀታውን ዝቅ፣ ጫፉን ቀና ያደርጋል። ካርባይድን እንደዚያ ስይዘው ነከሰና ከአራት የአልጋ እግሮች አራተኛውን ሰነጠቀብኝ። ለጥ ተደርጎ ነው የሚያዘው፦ ዘንጉ የቶርኖው ማሳረፊያ ላይ ተኝቶ፣ እጀታው ከዘንጉ ጋር እኩል ሆኖ፣ ስለቱ በእንጨቱ መሀል ልክ። ስለዚህ ማሳረፊያው በዘንጉ ውፍረት ያህል ከመሀሉ ዝቅ ይላል። የቁራጩን ሙሉ ጎን በአንዴ እንጨቱ ውስጥ አትክተቱ፤ ሲሶው ይበቃል። ማሳረፊያውን የምታንቀሳቅሱት ቶርኖው ቆሞ ነው፤ ከማስነሳታችሁ በፊትም እንጨቱን በእጅ አንድ ዙር አዙሩት። 10 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው እግር በደቂቃ 1,500 ጊዜ ሲዞር ቆዳው በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ የሚሮጥ ባጃጅ በሉት። ጋቢ ለብሶ አጠገቡ የሚቆመውን ምን እንደምለው አላውቅም። ጋቢውን አውልቁ፣ መነጽር አድርጉ።

ሌላው በደል ቁራጩ ላይ የሚፈጸመው ነው። ከብረት ቶርኖ የተረፈ ካርባይድ እንጨት ላይ የሚያስሩ አሉ። የብረቱ ቁራጭ ጫፉ ሆን ተብሎ የደነዘ ነው፣ አለዚያ ብረት ይሸርፈዋል፤ የእንጨቱ ግን ፊቱ ተወልውሎ ስል ሆኖ ይወጣል። በተራው ግራጫ ድንጋይ ለመሳል መሞከርም ከንቱ ነው፤ ካርባይዱ ሳይነካ ድንጋዩ ይቦረቦራል። የአልማዝ ሰሌዳ ያለው ሰው የላይኛውን ጠፍጣፋ ፊት በጥቂት ውሃ ቢያሸው ስለቱ ይመለሳል።

በሥራ መሀል የሚወጣው ስስ ፍቅፋቂ ወደ ዱቄት ሲለወጥ ስለቱ ደክሟል። ያኔ ብሎኑን ላላ አድርጎ ወደ ሌላው ጎን ማዞር ነው። ከማጥበቃችሁ በፊት ግን መቀመጫውን ጥረጉ። ከሥሩ ትንሽ ሰጋቱራ ከቀረ ቁራጩ ተንጋሎ ይቀመጣል፣ ብሎኑ ሲጠብቅም እንደ ሸክላ ለሁለት ይላል። ሲሚንቶ ወለል ላይ ቢወድቅም ይሰበራል ወይም ይሸረፋል። እኔ የመጀመሪያዬን ሁለተኛ ቀኑ ላይ ጣልኩት። ቢወድቅባችሁ ቤቱን ከመጥረጋችሁ በፊት ሰጋቱራው ውስጥ ፈልጉት፤ አንድ ጎኑ ቢሸረፍ ሦስት ይቀሩታል።