መድኃኒቱን የሚፈቱት ባክቴሪያዎች

አንጀታችን ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ካልፈቱት በስተቀር የማይሠራ ኪኒን እንዳለ ታውቃላችሁ? ሰልፋሳላዚን ይባላል፤ አሠራሩን ስሙልኝማ!

የሚታዘዘው አልሰራቲቭ ኮላይቲስ ለያዘው ሰው ነው። ይህ ሕመም የትልቁን አንጀት ውስጠኛ ሽፋን ያስቆጣል፣ ያቆስላል። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል፤ ተሻለ ሲሉት ደግሞ ያገረሻል።

መድኃኒቱ የተወለደው ግን ለሌላ ሕመም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ስዊድናዊቷ ሐኪም ናና ስቫርትስ ለመገጣጠሚያ ቁርጥማት መፍትሔ ይፈልጉ ነበር። ባክቴሪያ የሚዋጋውን ሰልፋ ከአስፒሪን ጋር ከሚዛመድ ቁጣ አብራጅ ጋር በአንድ ውሕድ አጣመሩ። ይኸው ውሕድ አንጀታቸው የቆሰለውንም ሕሙማን ረዳ።

እንዴት? የተዋጠው ኪኒን አብዛኛው እንደተጣመረ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ማያያዣውን ይበጥሱታል። ሰልፋው ወደ ደም ይገባል፤ ቁጣ አብራጁ በብዛት እዚያው ይቀራል።

ታዲያ የሚያድነው የትኛው ነው? እ.ኤ.አ. በ1977 ባንግላዴሻዊው ሐኪም አዛድ ካንና የኦክስፎርድ ባልደረቦቻቸው መልሱን አሳተሙ። ለየብቻ ቢዋጡ ክፍሎቹ ታች ሳይደርሱ ወደ ደም ስለሚገቡ፣ ውሕዱንም ሁለቱን ክፍሎችም በፊንጢጣ በኩል ሰጥተው አወዳደሩ። ቁጣ አብራጁ ብቻውን እንደ ሙሉው መድኃኒት ሠራ፤ ሰልፋው ግን እምብዛም አልረዳም። ሰልፋው ጭነት አድራሽ አጋሰስ ነበር ማለት ነው! ከራስ ምታቱና ከማቅለሽለሹም አብዛኛውን የሚያመጣው እሱ ነው።

ያለ አጋሰሱስ ጭነቱ እንዴት ይድረስ? ሜሳላዚን የሚባለው መድኃኒት ያው ቁጣ አብራጅ ብቻውን ነው። አንዳንዱ ኪኒን ጨጓራ ውስጥ የማይሟሟ፣ ታች ሲደርስ የሚከፈት ልባስ አለው። ቁስሉ ፊንጢጣ አካባቢ ከሆነ ደግሞ እዚያው የሚደረግ መድኃኒት አለ። ለከበደ ሕመም እንደ ኮርቲዞን ያሉ መድኃኒቶች ይጨመራሉ። የአንጀትን ግድግዳ ዘልቆ ለሚያቆስለው ለክሮንስ በሽታ ግን ሜሳላዚን ያን ያህል አይረዳም።

ስለዚህ ባለ ልባሱን ኪኒን የሚወስድ ወዳጅ ካላችሁ፣ እንዳያላምጠውና እንዳይፈጨው ንገሩት፤ ልባሱ ከተሰበረ መድኃኒቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ተሻለኝ ብሎም ሐኪሙን ሳያማክር አያቋርጥ፤ በደህናው ጊዜ የሚዋጠው ኪኒን ሕመሙ እንዳያገረሽ ይከላከላል።