«አውቶቡሱ አላለፈኝም፣ እኔ ነኝ ያሳለፍኩት»

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው። ሰሜን ማዘጋጃ አካባቢ ካለ ፌርማታ ላይ የቆመው ሰልፍ ተጠማዝዞ ከሱቆቹ በረንዳ ደርሷል። ከአዲሱ ገበያ ቁልቁል የመጣው አውቶቡስ እንደሞላ ቆመ። ሁለት ሰው አወረደ፤ ከዐሥር የማያንስ ሰው በሩ ላይ ተረባረበ። ሰልፉ ለሁለት ደቂቃ ያህል ሰልፍ መሆኑ ቀረ። አውቶቡሱ በሩን በግድ ዘግቶ ሲሄድ የቀረነው ደግሞ እንደገና ተሰለፍን።

ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ከሰልፉ ዳር የቆሙት አዛውንት ግን አልተንቀሳቀሱም። ቀጣዩም መጣ፤ እሱም ሄደ። ሦስተኛው ሲሄድ «አባባ፣ አለፈዎት እኮ» አልኳቸው። ፈገግ ብለው «አውቶቡሱ አላለፈኝም ልጄ፣ እኔ ነኝ ያሳለፍኩት» አሉኝ።

ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም። «ልጆቼ ካነበቡት ከነገ ጀምሮ ከቤት አይውጡ ይሉኛል» አሉ። ከ30 ዓመት በላይ ከጉለሌ ለገሃር በአውቶቡስ ተመላልሰው ሠርተዋል። ጡረታ ከወጡም በኋላ ለማኅበር፣ ለለቅሶ፣ ለሐኪም ቀጠሮ የሚሄዱት በአውቶቡስ ነው። አምና በክረምት ግን ሊሳፈሩ እግራቸውን ሲያነሡ ከኋላ በመጣ ግፊያ ከደረጃው ላይ ወደቁ። ጉልበታቸው ተላጠ፣ መነጽራቸው ተሰበረ። ቤት ሲገቡ «ድንጋይ አደናቀፈኝ» ብለው አለፉት። ከዚያ ወዲህ ሰው ያልበዛበት አውቶቡስ እስኪመጣ ይጠብቃሉ። ካልመጣም ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ልጃቸው «አባባ ዛሬ የት ዋሉ?» ሲላቸው፣ «ደከመኝና ቀረሁ» ይሉታል።

ብዙዎቻችን «ደከመኝና ቀረሁ» የሚለውን መልስ ከወላጆቻችን ሰምተናል። ሰምተንም ዕድሜ ነው ብለን አልፈናል። ድካም የተባለው ነገር ፌርማታው ላይ የጀመረ እንደሆነ ግን ጠይቀን አናውቅም።

ዳገቱና አውቶቡሱ

ጉለሌ ዳገት ነው። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳና ወደ እንጦጦ ማርያም፣ ከፒያሳ ወደ ሰሜን ማዘጋጃና ወደ አዲሱ ገበያ፣ ከቀጨኔ ወንዝ ወደ መድኃኔዓለም፣ በየትም ቢሄዱ መውጣት ወይም መውረድ አለ። ወጣት እያሉ በእግር የሚወጡት መንገድ ከ70 ዓመት በኋላ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ቁልቁለቱ ደግሞ ጉልበት ይበላል። ስለዚህ ለጉለሌ አዛውንት አውቶቡስ ማለት ከዘራ ማለት ነው። ያለ እሱ ጳውሎስ ሆስፒታል ሩቅ ይሆናል፤ መርካቶም ሌላ አገር ይመስላል።

የከተማው አውቶቡስ ታሪክ ረጅም ነው። አንበሳ አውቶቡስ የሚባለው አገልግሎት መነሻው ከጣሊያን ወረራ ማግስት፣ ከ1930ዎቹ ነው። ቀይና ቢጫ ቀለሙን፣ ጎኑ ላይ ያለውን አንበሳ፣ ግንባሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። መንገደኛው «ስንት ቁጥር ነህ?» ተባብሎ ይተዋወቅ ነበር። በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መስመር የሚሳፈሩ ሰዎች ዕቁብ ጀምረዋል፤ ተጋብተዋል፤ ተዋልደዋል። ከአውቶቡሱ ጎን ደግሞ «ውይይት» ታክሲ ነበር። ስሙን ያገኘው ተሳፋሪዎቹ ፊት ለፊት ተያይተው ስለሚቀመጡና ሳይጨዋወቱ መውረድ ስለማይሆንላቸው ነው።

በዚያ ዘመን መጨናነቅ አልነበረም ማለት አይደለም። አውቶቡስ ያኔም ይሞላ ነበር። ኪስ አውላቂም ነበር። ያነጋገርኳቸው እናቶችና አባቶች ሁሉ የሚያነሡት ግን አንድ ቃል ነው፤ «ኖር»። ትልቅ ሰው ሲገባ የተቀመጠው ብድግ ይልና «ኖር» ይላል፤ እሳቸውም «በእግዜር» ብለው ይመርቃሉ። ይህ በቤት፣ በሰርግ፣ በለቅሶ ድንኳን ያለ ወግ አውቶቡስ ውስጥም ይሠራ ነበር።

ወጣቱ ከፋ ወይስ ቦታው ጠበበ?

ብዙ ጊዜ ጥፋቱን የምንጭነው በወጣቱ ላይ ነው። «የዛሬ ልጅ ስልኩን እያየ ሽማግሌ ያስቆማል» እንላለን። እውነትነት አለው። ነገር ግን በተጨናነቀ አውቶቡስ ውስጥ ወንበር የያዘ አንድ ተማሪ የነገረኝን ልብ በሉት። «ትልቅ ሰው መግባታቸውን በምን አያለሁ? በእኔና በበሩ መሀል ሃያ ሰው ቆሟል። ባያቸውና ብነሣ እንኳ እሳቸው ሳይደርሱ አጠገቤ የቆመው ይቀመጥበታል» አለኝ።

አውቶቡሱ ሲሠራ ለመቀመጥ ከታሰበው ሰው ይልቅ ለመቆም የታሰበው ይበልጣል። በለመድነው ዓይነት የከተማ አውቶቡስ ወንበሩ 30 ያህል ሲሆን፣ የሚቆመው ሰው ቁጥር ግን ከእጥፍ በላይ ነው። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት በዚያ ላይ ሌላ ይጨመራል። እንዲህ ባለ ቦታ ጨዋ ልጅም ጨዋነቱን የሚያሳይበት መንገድ ያጣል። «ኖር» ለማለት መጀመሪያ መተያየት ያስፈልጋል።

ከተማው ሲሰፋና ሕዝቡ ሲበዛ አዳዲስ መጓጓዣዎች መምጣታቸው አልቀረም። ቢሾፍቱ የተገጣጠሙ አውቶቡሶች መጡ፤ ሸገር የተባሉትም ተጨመሩ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ቀላል ባቡር በ41 ባቡሮች ሥራ ጀመረ። ያኔ ብዙ ሽማግሌዎች ደስ ብሏቸው ነበር፤ ዳገት የለውም፣ አይንገጫገጭም፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ከቃሊቲ የሚመጣው መስመር ግን መጨረሻው ምኒልክ አደባባይ ነበርና ወደ ጉለሌ ዳገት አልዘለቀም። ቆይቶም ከባቡሮቹ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆሙ። ጥቂት ባቡር ብዙ ሰው ሲጭን ባቡሩም እንደ አውቶቡሱ ሆነ።

ሚኒባስ ታክሲ አለ ይባል ይሆናል። ለአዛውንት የጡረታ ኪስ ግን ታክሲ በየቀኑ አይሆንም። በዚያ ላይ በጥድፊያ ሰዓት አንዳንዱ መንገዱን አቆራርጦ ስለሚጭን ሁለት ጊዜ መውረድ፣ ሁለት ጊዜ መጋፋት፣ ሁለት ጊዜ መክፈል ይመጣል።

በባሕር ላይም ያው ነው

ይህ ነገር የድሃ አገር ብቻ እንዳይመስለን። በውጭ አገር ጡረተኞች ገንዘብ አጠራቅመው በትልልቅ የመዝናኛ መርከቦች ይጓዛሉ። ኩባንያዎቹ ደጋግሞ ለሚመጣ ደንበኛ የማዕረግ ደረጃ ይሰጣሉ፤ ቀድሞ መሳፈር፣ የተለየ ማረፊያ፣ አንዳንድ ስጦታ ያገኛል። መርከቦቹ ግን እየገዘፉ ሄዱ። በጥር 2016 ዓ.ም. ሥራ የጀመረችው «አይከን ኦፍ ዘ ሲዝ» ስትሞላ እስከ 7,600 መንገደኛ ትይዛለች። ባለማዕረጉ ሲበዛ የቅድሚያ ሰልፉ ራሱ ይረዝማል። የዘወትር ደንበኞቹም «ድሮ በስማችን ይጠሩን ነበር፤ ዛሬ ቁጥር ሆንን» እያሉ ያማርራሉ።

ልዩነቱ አንድ ነው። እነሱ ቅር ሲላቸው ኩባንያ ይቀይራሉ። የእኛ አዛውንት የሚቀይሩት መርከብ ስለሌላቸው ከቤት ይቀራሉ። በር ላይ ሆነው አይጮኹም፣ አቤቱታ አይጽፉም። አውቶቡሱ ያለ እሳቸውም ሞልቶ ስለሚሄድ መቅረታቸውን ማንም አይቆጥረውም።

ከቤት መቅረት የሚያስከትለው

ከቤት የቀሩ አዛውንት መጀመሪያ የሚያጡት ማኅበራቸውን ነው። ዕድርተኛው «ጠፉ» ይላል፤ የንስሐ አባት ይጠይቃሉ። ቀጥሎ የሐኪም ቀጠሮ ይዘለላል። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ሲያልቅ «ሰሞኑን እሄዳለሁ» ይባላል። መራመድ ሲቀንስ ጉልበት ይደክማል፤ ጉልበት ሲደክም ደግሞ አውቶቡሱ የባሰ ያስፈራል። አንዱ ሌላውን እየጎተተ በጥቂት ወራት ውስጥ ቆፍጣና የነበሩ ሰው ደጃፍ ላይ ፀሐይ ከመሞቅ አያልፉም።

ስለዚህ ወላጆቻችንን «እንዴት ዋሉ?» ከማለት አልፈን ለይተን እንጠይቅ። «በምን ሄዱ? ወንበር አገኙ? ስንት አውቶቡስ አለፈዎት?» እንበል። ሁልጊዜ ይሄዱበት የነበረውን ቦታ ያለ ምክንያት ሲተዉ፣ ልብሳቸው ወይም ጫማቸው ላይ የመውደቅ ምልክት ሲታይ፣ ወይም «መንገዱ ሰለቸኝ» ሲሉ ችላ አንበል። ስንጠይቅም እንደ ምርመራ አይሁን። ብዙዎቹ የሚደብቁት ከቤት እንዳንከለክላቸው ፈርተው ነው። መከልከል ደግሞ መፍትሔ አይደለም፤ አውቶቡሱ የጀመረውን እኛ መጨረስ ይሆናል።

በቤተሰብ አቅም የሚሠራ ነገር አለ። ከተቻለ ጉዞውን ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ማድረግ ነው፤ ሠራተኛውና ተማሪው ያን ጊዜ መንገድ ላይ አይበዛም። የሐኪም ቀጠሮ ሲያዝም ረፈድ እንዲልላቸው አብሮን የሄደው ሰው ይጠይቅላቸው፤ እሳቸው ራሳቸው «ያላችሁኝ ሰዓት ይሁን» ብለው ይመለሳሉና። ሌላው የቆየ ዘዴ ወደ ኋላ ሄዶ መሳፈር ነው። ባዶ ሆኖ ወደ አዲሱ ገበያ ወይም ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወጣው አውቶቡስ መነሻው ድረስ ሄደው እዚያ ወንበር ይዘው ይወርዳሉ። የሁለት ጉዞ ዋጋ ያስከፍላል፤ ከስብራት ግን ይረክሳል። በጠዋት የግድ መሄድ ካለባቸው አንድ የልጅ ልጅ አብሮ ይሂድ፤ ከኋላቸው ቆሞ ግፊያውን በጀርባው ይቀበል።

ልጆቻችንን ደግሞ «ኖር» ማለትን በቤት እናስለምዳቸው። በቤት ያልለመደው ልጅ አውቶቡስ ውስጥ አይነሣም። ሲነሣም ወንበሩን በእጁ ይዞ እሳቸው እስኪቀመጡ መጠበቅን ይማር።

ከአገልግሎት ሰጪውስ?

ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር አለ። በየታክሲ ሰልፉ ሽማግሌ፣ ነፍሰ ጡርና አካል ጉዳተኛ ሲመጣ ሕዝቡ ራሱ «ይግቡ» ብሎ የሚያስቀድምበት መልካም ልማድ አለን። ይህ በአውቶቡስ ፌርማታም ደንብ ሆኖ፣ መጀመሪያ እነሱ ገብተው ሰልፉ ቢከተል የሚጠፋው ጊዜ ደቂቃ አይሞላም። ከበሩ አጠገብ ያሉ ጥቂት ወንበሮች ተለይተው ምልክት ቢደረግባቸው፣ ያ ተማሪ እንዳለው ከሃያ ሰው ኋላ ያለ ወንበር መፈለግ ይቀራል።

ጃፓኖች ይህን የጀመሩት በመስከረም 1966 ዓ.ም.፣ አረጋውያን በሚከበሩበት ቀን ነው። ቶኪዮ ውስጥ በአንድ የባቡር መስመር ለትልልቅ ሰዎች የተለዩ ወንበሮችን በብርማ ጨርቅ ሸፈኗቸው፤ ከሩቅ ስለሚለዩ ማንም አላወቅሁም ማለት አልቻለም። በእንግሊዝ የጡረታ ዕድሜ የደረሱ ሰዎች ከጠዋቱ የሥራ ጥድፊያ በኋላ በአካባቢ አውቶቡስ በነፃ ይሄዳሉ። ይህም እነሱንም ከግፊያ ያድናል፤ የጠዋቱንም ሰልፍ ያቀላል። የእኛ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። ከበሩ አጠገብ ወንበር መለየት ከአቅም በላይ አይሆንም።

ያን ቀን አዛውንቱ ጋር እስከ 3 ሰዓት ከሩብ ቆየሁ። ሰባተኛው አውቶቡስ ሲመጣ በሩ ላይ የቆመ ሰው አልነበረም። ክንዳቸውን ይዤ አሳፈርኳቸው። ከፊት የተቀመጠች የትምህርት ቤት ልብስ የለበሰች ልጅ ወዲያው ብድግ አለች። ቃሉን አታውቀው ይሆናል፤ «ይቀመጡ አባባ» ነበር ያለችው። እሳቸው ግን «በእግዜር» ብለው መለሱላት፤ መርቀዋትም ተቀመጡ።

ከመሳፈራቸው በፊት አንድ ነገር ቃል አስገብቻቸዋለሁ። ማታ ልጃቸው «የት ዋሉ?» ሲላቸው ስለ ድንጋዩ እውነቱን እንዲነግሩት ነው። «እሱማ ካልከለከለኝ» አሉኝ። ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ልጆች ሁሉ፣ አትከልክሏቸው።