ያውቁ ኖሯል? ቬሮና፦ ከእራት እስከ እኩለ ሌሊት

ዛሬ የምንሻገረው ወደ ሰሜን ጣልያን ነው፤ አዲጄ የሚባለው ወንዝ እንደ እባብ ተጠማዝዞ ወደሚያቅፋት ቬሮና። ብዙ ሰው ከተማዋን የሚያውቃት በሮሜዮና ጁልየት ነው። የኔ ምክር ግን የጁልየትን በረንዳ ለመጨረሻ አቆይተው መጀመሪያ ገበታውንና መድረኩን እንዲያዩ ነው፤ በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ እኛ ጃንጥላ በምንይዝበት ወራት፣ በዚያች ከተማ ሁለቱ አይነጣጠሉም። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ያውቁ ኖሯል? በከተማዋ መሃል የተንሰራፋው አሬና ከሮሙ ኮሎሲየም በዕድሜ ይበልጣል። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲሠራ 30 ሺህ ያህል ሰው ተቀምጦ የግላዲያተሮችን ፍልሚያ ይመለከትበት ነበር። በ1117 የደረሰው የምድር መንቀጥቀጥ የውጭውን ግንብ አፈራረሰው። ከዚያ የቀረው አራት ቅስት ያለው ቁራጭ ብቻ ነው፤ የአገሩ ሰው «ክንፍ» ይለዋል። በቅስቶቹ አናት ላይ በሮማውያን ቁጥር የተቀረጸው የበር ቁጥር ዛሬም ይነበባል። ትኬት ላይ የመግቢያ በር መጻፍ አዲስ ነገር የሚመስለው ካለ ቀና ብሎ ይመልከት።

አሬናው ያለበት አደባባይ ፒያሳ ብራ ይባላል። ፒያሳ ምን እንደሆነ ለአዲስ አበባ ሰው አይነገርም። «ብራ» የሚለው ደግሞ «ሰፊ» ከሚል የጀርመናውያን ቃል የመጣ ነው። እኛ ብራ ስንል የጠራ ሰማይ ማለታችን ነው፤ ሳይገጣጠም አልቀረም፤ አሬናው ጣሪያ ስለሌለው ሰማዩ ብራ ካልሆነ ኦፔራም የለም። የመጀመሪያዋ ጠብታ እንደወደቀች ቫዮሊን ተጫዋቾቹ መሣሪያቸውን አቅፈው ይነሣሉ፤ የእንጨቱ ዋጋ ከሙዚቃው ሰዓት ይበልጣል። ስለዚህ ትኬት ሲቆርጡ ስለ ዝናብ የተጻፈውን ደንብ አስቀድመው ያንብቡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ በዚህ የድንጋይ ክብ ውስጥ ከማንኛውም ኦፔራ በላይ የተደጋገመው የአንዲት ኢትዮጵያዊት ልዕልት ታሪክ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? የጁሴፔ ቬርዲ «አይዳ» ነው። ነገሩ የተጀመረው ኦገስት 10 ቀን 1913 ነው። የቬርዲን መቶኛ የልደት ዓመት ለማክበር የቬሮናው ተወላጅ ቴነር ጆቫኒ ዜናቴሎ ከአዘጋጁ ከኦቶኔ ሮቫቶ ጋር ሆኖ «ለምን ሜዳ ላይ አንጫወተውም?» የሚል ሐሳብ ይዞ ተነሣ፤ ተሳካም። በዚያ የተጀመረው የኦፔራ ፌስቲቫል ዓለም በጦርነት በታመሰባቸው ዓመታት ቢቋረጥም በ2023 መቶኛ ዝግጅቱን አከበረ፤ የተከፈተውም በአይዳ ነው።

ቀኑን ልብ ይበሉ። 1913 ማለት ከዓድዋ 17 ዓመት በኋላ ነው። በጦር ሜዳ የተሸነፈ አገር ሕዝብ በሺዎች ተሰብስቦ ለኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ እንባውን ሲጠርግ ማሰብ ለኔ ከሙዚቃው እኩል የሚገርም ነው።

ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው፦ አይዳ ማንነቷን ደብቃ ለግብፅ ፈርዖን ልጅ ለአምኔሪስ ባሪያ ሆናለች። የምትወደው የግብፅን ጦር መሪ ራዳሜስን ነው፤ እመቤቷም የምትወደው እሱኑ ነው። አባቷ ንጉሥ አሞናስሮ ተማርኮ ሲመጣ በአባትና በፍቅር መካከል ትቆማለች። መጨረሻው መቃብር ነው፤ ራዳሜስ ከነሕይወቱ ሲቀበር እሷ ቀድማው ገብታ ትጠብቀዋለች። አሞናስሮ የሚባል ንጉሥ በነገሥታት ዝርዝራችን ቢፈልጉ አያገኙም፤ ስሙ የመድረክ ስም ነው። ልጅቱ ግን ወደ አገሯ ገብታለች ማለት ይቻላል፤ በየሰፈሩ ስንት አይዳ አለች?

ከመድረኩ ጀርባ ያለው ታሪክ ደግሞ ይብሳል። ኦፔራው የተጻፈው በግብፁ ገዥ በኸዲቭ እስማኤል ትእዛዝ ነው፤ ለቬርዲ የተከፈለው 150,000 ፍራንክ ነበር። ልብሱና የመድረክ ዕቃው ፓሪስ ተሠርቶ ሳለ ከተማዋ በፕሩሲያ ጦር ስለተከበበች ዝግጅቱ ዘገየ፤ ካይሮ ላይ የታየው ዲሴምበር 24 ቀን 1871 ነው። ቬርዲ ራሱ አልሄደም። በአራት ዓመቱ ያው ኸዲቭ እውነተኛ ጦር ወደ እውነተኛዋ ኢትዮጵያ ላከ። በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ጉራ ላይ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ጦር ድል ተመታ። በመድረኩ ላይ ግብፅ አሸንፋ፣ ምርኮኛ እየነዳች፣ መለከት እየተነፋላት ትገባለች። ገንዘብ የከፈለ ሰው የመረጠውን መጨረሻ በመድረክ ያየዋል፤ ጉራ ላይ ግን አልሠራለትም።

አይዳን አሬናው ውስጥ ለማየት ከወሰኑ የጀርባዎን ነገር አስቀድመው ያስቡበት። ርካሹ ቦታ የድንጋይ ደረጃው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የመታው ድንጋይ ማታም ይሞቃል። ትራስ በኪራይ ይገኛል፤ ይከራዩት። አይዳ ከነዕረፍቱ ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ትርኢቱ ከመጀመሩ በፊት በልብሰ ተውኔት ያጌጠች ሴት ወጥታ ጎንግ ትመታለች፤ ጫጫታው ይበርዳል።

ሻማውስ? ሲጨላልም በደረጃው ላይ የተቀመጠው ሕዝብ ትንንሽ ሻማ ያበራል። የቬሮና ሰው «ሞኮሌቲ» ይለዋል። ድሮ ሰዎች የኦፔራውን ግጥም በጨለማ ለማንበብ ያበሩት እንደነበር ይነገራል፤ ዛሬ ለውበቱ ቀርቷል። የፋሲካን ሌሊት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያሳለፈ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል።

ትርኢቱ የሚጀምረው ምሽት ሦስት ሰዓት አካባቢ፣ የሚያልቀው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ምግብ ቤቶቹ ለእራት የሚከፍቱት ደግሞ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። እንግዲህ ምርጫው ሁለት ነው፦ ተጣድፎ በልቶ መግባት፣ ወይም ሆድን አታልሎ ከኦፔራው በኋላ መብላት። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። በአደባባዩ ዙሪያ እስከ ውድቅት የሚያበስሉ አሉ፤ አጠገብዎ የተቀመጠው ቡድንም ስለ ሶፕራኖዋ እየተከራከረ ነው የሚበላው።

ያውቁ ኖሯል? ስመ ጥሯ ሶፕራኖ ማሪያ ካላስ በጣልያን መድረክ ለመጀመሪያ ጊዜ የዘፈነችው እዚሁ አሬና ላይ፣ ኦገስት 2 ቀን 1947፣ በ«ላ ጆኮንዳ» ነው። ዕድሜዋ 23 ነበር። በልምምድ ላይ ተንሸራትታ ቁርጭምጭሚቷ ስለተጎዳ እያነከሰች ዘፈነች። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን፣ ገና ከተማዋ እንደገባች፣ በእራት ገበታ ላይ ከአንድ የቬሮና የጡብ ነጋዴ ጋር አስተዋወቋት። ጆቫኒ ባቲስታ ሜኔጊኒ ይባላል፤ በ1949 ባሏ ሆነ። በ«ላ ጆኮንዳ» ምሽት ኦርኬስትራውን የመራው ቱሊዮ ሰራፊን ደግሞ ከዚያ 34 ዓመት በፊት የአሬናውን የመጀመሪያ አይዳ የመራው ሰው ነው።

አሁን ወደ ሳህኑ። የቬሮና ስመ ጥር ወጥ የፈረስ ሥጋ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? «ፓስቲሳዳ» ይሉታል፤ በወይን ጠጅ ተዘፍዝፎ ለሰዓታት በዝግታ ይበስላል። አፈ ታሪኩ ወደ 489 ይወስደናል፤ ነገሥታቱ ቴዎዶሪክና ኦዶአከር ከተማዋ አጠገብ ተዋግተው ሜዳው በሞቱ ፈረሶች ሲሞላ፣ የተራበው ሕዝብ ሥጋውን በወይን ዘፍዝፎ ከብልሽት አዳነው ይባላል። እኛ ጋ ፈረስ መብላት ከወሬ አያልፍም፤ ስለዚህ ሜኑው ላይ «ካቫሎ» ካዩ ፈረስ፣ «አሲኖ» ወይም በአገሬው አነጋገር «ሙሶ» ካዩ አህያ መሆኑን ይወቁ። አስተናጋጁን መጠየቅ ነውር የለበትም፤ በልቶ መጠየቅ ነው የሚከብደው።

ለጥንቁቁ ሰው ብዙ ሌላ አለ። «ቢጎሊ» የሚባል ወፍራም ፓስታ በሰርዲን ዓሣ ይቀርባል፤ በዚያ አገር ከጥንት የጾም ምግብ ነው። ከቬሮና ደቡብ በኢዞላ ዴላ ስካላ ሜዳ የሚበቅለው «ቪያሎኔ ናኖ» ሩዝ ደግሞ ሪሶቶ ይሆናል። ሪሶቶው ሐምራዊ ሆኖ ከመጣ አይደንግጡ፤ በአማሮኔ ወይን ስለተቀቀለ ነው።

አማሮኔ ራሱ ትንሽ ጊዜ ይገባዋል። በቫልፖሊቼላ ኮረብታዎች ወይኑ ከተቆረጠ በኋላ ወዲያው አይጨመቅም። ነፋስ በሚገባበት ሰገነት ላይ ተዘርግቶ ሦስትና አራት ወር ይጠወልጋል፤ ከክብደቱ ሲሶ ያህሉን ያጣል። ከዚያ ነው የሚጨመቀው፤ ለዚህም ነው ከባድና ውድ የሆነው። ድሮ በዚህ መንገድ የሚሠራው «ሬቾቶ» የሚባለው ጣፋጭ ወይን ነበር። በ1930ዎቹ አንድ በርሜል ተረስቶ ስኳሩ ሁሉ ወደ አልኮል ተለወጠ፣ «መራራ» የሚል ስም ያለው አማሮኔም ከዚያ ተወለደ ይላሉ። ጠላም ቢሆን ሲረሳ እንዲህ ያደርገዋል፤ ልዩነቱ እኛ የሆመጠጠውን መድፋታችን ነው።

ቅበላን የምናውቀው እኛ ብቻ አይደለንም። ከዐቢይ ጾማቸው በፊት ባለው የመጨረሻ ዓርብ ቬሮናውያን ኞኪ ይበላሉ። ኞኪ ከድንች የተድበለበለ ፓስታ መሰል ምግብ ነው። የበዓሉ ንጉሥ «ፓፓ ዴል ኞኮ» ከሳን ዜኖ ሰፈር ይመረጣል፤ ጺሙ ነጭ ነው፣ በትረ መንግሥቱም ጫፉ ላይ ኞኪ የተሰካበት ትልቅ ሹካ ነው። ሹካ ይዞ የሚነግሥ ሰው ያለበትን ከተማ እንዴት አልወድም?

ለገና ደግሞ ፓንዶሮ አለ፣ «የወርቅ ዳቦ»። ዶሜኒኮ ሜሌጋቲ የባለቤትነት ማረጋገጫ ያወጣበት በ1894 ነው። ስምንት ጫፍ ያለውን የኮከብ ቅርጽ የነደፈው ሠዓሊ ነው፤ አንጀሎ ዳሎካ ቢያንካ።

ሒሳቡ ሲመጣ «ኮፔርቶ» የሚል መስመር ካዩ የተጭበረበሩ እንዳይመስልዎ። በሰው ልክ የሚከፈል የገበታና የዳቦ ዋጋ ነው፤ ሜኑው ላይ መጻፍ አለበት። የመኪናችን ኮፐርቶንም የዚሁ ቃል ዘመድ ነው፤ ሁለቱም «መሸፈን» ከሚለው ይመጣሉ። ባንኮኒያችንም ከዚያው አገር የመጣ ቃል ነው፤ ባንኮኒ ላይ ቆመው የጠጡት ቡና ተቀምጠው ከሚጠጡት ይረክሳል። ማኪያቶ ሲያዙ ደግሞ የሚመጣልዎ ጠብታ ወተት የነካው ትንሽ ቡና ነው፤ ቃሉ «የተጠቃጠቀ» ማለት ነው። የአዲስ አበባውን ብርጭቆ ማኪያቶ ከጠበቁ ፊትዎ ይለወጣል።

አሁን ደግሞ ያቆየናት ጁልየት። በቪያ ካፔሎ ያለው ቤት የድሮ ነው፤ በረንዳው ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ለጎብኚ ሲባል የተጨመረ ነው። ታሪኩን ለመድረክ የጻፈው ሼክስፒርም ጣልያንን ስለመርገጡ ማስረጃ የለም። በግቢው የነበረው የነሐስ ሐውልቷም በ2014 ወደ ውስጥ ገባ፤ ለዕድል ደረቷን የሚነካው ሰው ብዛት ሰነጠቀው። አሁን ደጅ የቆመው ቅጂ ነው፤ እሱንም ይነኩታል።

ከዚያ ጥቂት እርምጃ፣ በፒያሳ ዴሌ ኤርቤና በፒያሳ ዴይ ሲኞሪ መካከል ባለው ቅስት ሥር ቀና ቢሉ የዓሣ ነባሪ የጎን አጥንት ተንጠልጥሏል። እውነተኛ ጻድቅ ሲያልፍ ይወድቃል ይባላል። እስካሁን እዚያው ነው።

ያውቁ ኖሯል? ሞዛርት በ1770 መጀመሪያ በ13 ዓመቱ እዚህ ሲጫወት አንድ የቬሮና ሹም የልጁን ምስል አሣለ፤ ሥዕሉ በ2019 ፓሪስ ላይ ከ4 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተሸጠ።

አንድ የመጨረሻ፦ በየቀኑ የምንሰነባበትበት «ቻው» የተወለደው በዚሁ በቬኔቶ አካባቢ ቋንቋ ነው። ከ«ባሪያዎ ነኝ» የመጣ ነው፤ አይዳን ያየ ሰው ቃሉን በሌላ ጆሮ ይሰማዋል። ለማያውቁት አስተናጋጅ ግን «አሪቬደርቺ» ይበሉ፤ በጣልያን ቻው የሚባለው «አንተ» እና «አንቺ» ለሚሉት ሰው ነው።