ከኳንተም ኮምፒውተር ጋር ተዋወቁ

በስልክ ያነሳችሁት ፎቶ ስልኩ ውስጥ የሚቀመጠው በ0 እና በ1 ተጽፎ ነው። እያንዳንዱ የመረጃ ቅንጣት ቢት ይባላል፤ ቢት ወይ 0 ነው፣ ወይ 1።

ኳንተም ኮምፒውተር የሚሠራው ግን በኪውቢት ነው። ኪውቢት አንድ አቶም፣ አንድ የብርሃን ቅንጣት ወይም እጅግ የቀዘቀዘ ደቃቅ የኤሌክትሪክ ዑደት ሊሆን ይችላል። እስኪለካ ድረስ 0ንም 1ንም አጣምሮ ይይዛል፤ ይህ ሱፐርፖዚሽን ይባላል። የተሳሰሩ 10 ኪውቢቶች ያሉበትን ሁኔታ ለመግለጽ 1,024 ቁጥሮች ያስፈልጋሉ። አንድ ኪውቢት በተጨመረ ቁጥር ይህ እጥፍ ይሆናል።

«ታዲያ መልሶችን ሁሉ ባንዴ ይሞክራላ!» እንዳትሉ። ኪውቢቶቹ ሲለኩ የሚገኘው አንድ መልስ ብቻ ነው፤ ጥበቡ ያለው ከልኬቱ በፊት ነው። ጣና ላይ ሁለት ማዕበሎች ሲገናኙ ጫፍ ከጫፍ ከገጠመ ውሃው ከፍ ይላል፤ ጫፍ ከዝቅታ ከገጠመ ይጠፋፋሉ። የኳንተም ፕሮግራምም የተሳሳቱት መልሶች እርስ በርስ እንዲጠፋፉ፣ ትክክለኛው እንዲጎላ ሆኖ ይቀመራል።

ስለዚህ ማሽኑ በሁሉም ሥራ ፈጣን አይደለም። ፍጥነቱ የሚጠበቀው በተመረጡ ጥያቄዎች ነው፦ የሞለኪውሎችን ባሕርይ ማስላት፣ ወይም ፒተር ሾር እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳየው ስሌት የግዙፍ ቁጥሮችን አካፋዮች ማግኘት። ኪውቢት ደግሞ በትንሽ ሙቀትና ንዝረት ይረበሻል። በኤሌክትሪክ ዑደት የሚሠሩት ማሽኖች ወደ −273 ዲግሪ ሴልሺየስ የተጠጋ ቅዝቃዜ የሚያስፈልጋቸው ለዚህ ነው። እንዲያም ሆኖ ስህተታቸው ገና ብዙ ነው።

ሳይንሱ ለአገራችን ባዳ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያስተማሩት ፍስሐ ካሳሁን በኳንተም ኦፕቲክስ ላይ መጽሐፍ ጽፈዋል። የብርሃን ቅንጣትን ኪውቢት የሚያደርጉ ማሽኖችም የሚመሠረቱት በዚሁ የእውቀት ዘርፍ ላይ ነው። በተግባር መሞከርም ይቻላል፦ አይቢኤም የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ እውነተኛ ኳንተም ኮምፒውተር በኢንተርኔት ለሕዝብ ክፍት አድርጓል፤ ኪስኪት የተባለው የፕሮግራም መጻፊያም በነጻ ይገኛል።

በሁለተኛ ደረጃ የምትማሩትን ቬክተር፣ ማትሪክስና ፕሮባብሊቲ ለፈተና ብቻ አትያዙት፤ የኳንተም ስሌት የሚጻፈው በእነርሱ ነው። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ጨምሩበት፣ ከዚያ ሁለት ኪውቢቶችን በማስተሳሰር ጀምሩ። ዘርፉ ገና ወጣት ነው፤ ብዙ ያልተፈቱ ጥያቄዎች የእናንተን ጭንቅላት ይፈልጋሉ።