ስሙ አንድ፣ በረራው ሌላ፦ ሚግ-21 በኦጋዴን ሰማይና በኮምፒዩተር ላይ

በመርካቶ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ጆይስቲክ ጠይቆ የሚገዛ ወጣት ዛሬ ብርቅ አይደለም። በ1990ዎቹ በሲዲ እየተቀዱ ይሸጡ ከነበሩት የአውሮፕላን ጨዋታዎች አብዛኞቹ ክብደትንም ሆነ የአየርን ጉተታ ከቁም ነገር የሚቆጥሩ አልነበሩም። የዛሬዎቹ የበረራ ማስመሰያዎች ግን በአውሮፕላኑ ላይ የሚያርፉትን ኃይሎች በየቅጽበቱ እያሰሉ ነው የሚያበሩት። ስለዚህም በዚያ አካባቢ ያደጉ ተማሪዎች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያነሣሉ፦ የእኛ ኤፍ-5ኢ በኦጋዴን ጦርነት ሚግ-21ን ካሸነፈ፣ በኮምፒዩተሩ ላይ ስለ ምን ይሸነፋል? አንዳንዶቹም የአባቶቻችን ድል የተጋነነ ነው ወደሚል ድምዳሜ ይሄዳሉ።

ድምዳሜው የተሳሳተ ነው፤ ስሕተቱም የሚጀምረው ከስሙ ነው። ከሐምሌ 1969 እስከ የካቲት 1970 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት የሶማሊያ አየር ኃይል ያሰለፈው ሚግ-21ኤምኤፍ የተባለውን ዓይነት ነበር። ዲሲኤስ ወርልድ በተባለው ታዋቂ ማስመሰያ ውስጥ የሚገኘው ደግሞ ሚግ-21ቢስ ነው። ሁለቱ በቅርጽ እጅግ ስለሚመሳሰሉ በሩቁ ለመለየት የሠለጠነ ዓይን ይጠይቃል፤ ልዩነታቸው ያለው በሆዳቸው ውስጥ ነው። ከእንጦጦ ዳገት ሥር የቆሙ ሁለት አይሱዙዎችም ሞተራቸው እስኪፈተን ድረስ መንትያ ይመስላሉ።

የኤምኤፉ ሞተር ሙሉ የኋላ ማቃጠያውን ከፍቶ 64 ኪሎ ኒውተን ያህል ይገፋል። የቢሱ ሞተር በተለመደው አሠራር ወደ 70 ኪሎ ኒውተን ይሰጣል። ከዚህም በላይ ለዝቅተኛ ከፍታ ብቻ የተሠራ የአስቸኳይ ጊዜ ግፊት አለው፤ ይህም ለጥቂት ደቂቃዎች ወደ 97 ኪሎ ኒውተን ያደርሰዋል። ግማሽ ነዳጅ ይዘው ሲሰላ፣ የኤምኤፉ ግፊት ከክብደቱ ጋር ለመተካከል ጥቂት ይጎድለዋል። በአስቸኳይ ግፊት ላይ ያለው ቢስ ግን ክብደቱን በ40 በመቶ ገደማ ይበልጣል። አፍንጫውን ወደ ሰማይ አቅንቶ ፍጥነት እየጨመረ መውጣት የሚችል ማሽን ነው ማለት ነው። በዚህ ተጫዋች ፊት የቀረበ ኤፍ-5ኢ፣ ከሁለት ሞተሮቹ በድምሩ 44 ኪሎ ኒውተን ብቻ እያገኘ፣ ቢቸገር አይገርምም።

ታዲያ ኤምኤፉም ቢሆን በግፊት ኤፍ-5ኢን የሚበልጥ ከሆነ፣ የእኛ አውሮፕላን ምን ይዞ ገጠመው? መልሱ ያለው በክንፉ ርዝመት ነው። አውሮፕላን በጠባቡ ሲታጠፍ ክንፉ ከክብደቱ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ የማንሻ ኃይል ማመንጨት አለበት፤ የዚህም ዋጋ ተጨማሪ ጉተታ ነው። በአንድ ፍጥነትና ከፍታ ይህ ጉተታ የሚያድገው ክብደት ለክንፍ ርዝመት ተካፍሎ በሚገኘው ቁጥር ካሬ ልክ ነው። የኤፍ-5ኢ ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 8.13 ሜትር ሲሆን፣ ይበልጥ የሚከብደው ሚግ-21 ያለው 7.15 ሜትር ብቻ ነው። ሲሰላ ሚጉ ለተመሳሳይ እጥፋት የሚከፍለው ጉተታ ወደ ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ነው። ስለዚህ ሚጉ በቀጥታ ሩጫ ይቀድማል፣ ሲዞር ግን ፍጥነቱን ይበትናል። እንደ ለገሠ ተፈራ ያሉት አብራሪዎቻችን በሥልጠናቸው የታጠቁት ችሎታ ደግሞ በየትኛውም ሠንጠረዥ አይገባም።

በነገራችን ላይ ቁጥር ብቻውንም ያታልላል። ኢትዮጵያ ቀድሞ የነበራት ኤፍ-5ኤ ከኤፍ-5ኢ ይቀላል፤ ከላይ ባለው ስሌት ከሄድን ሁለቱ በመዞር እኩል ሊባሉ ምንም አይቀራቸው። ነገር ግን በኤፍ-5ኢ ክንፍና አካል መጋጠሚያ ላይ ያለው ሹል ቅጥያ ሰፋ ተደርጎ ተሠርቷል። አፍንጫው በጣም ቀና ሲል ከዚያ የሚነሣው የአየር አዙሪት በክንፉ ጀርባ ላይ እየተንከባለለ አየሩ ከክንፉ እንዳይላቀቅ ይይዘዋል። ኤፍ-5ኤ መንቀጥቀጥ በሚጀምርበት ማዕዘን ኤፍ-5ኢ ገና ይታዘዛል። ይህን አዙሪት በትክክል ያላሰላ ማስመሰያ የሁለቱን ልዩነት ሊያሳይ አይችልም።

መሞከር ለሚፈልግ አንባቢ መንገዱ ቀላል ነው። ሁለቱንም አውሮፕላኖች በግማሽ ነዳጅ፣ በ2,000 ሜትር ከፍታ ያብርር፤ የቢሱን አስቸኳይ ግፊት አይንካ፤ ያን ጊዜ ቢሱ ለኤምኤፍ እጅግ ይቀርባል። ከዚያም በሰዓት 720 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ ከፍታም ሆነ ፍጥነት ሳይጥል ሙሉ ዙር ይዙርና ሰዓት ይያዝ። 26 ሰከንድ ከፈጀበት ክንፉ የተሸከመው የክብደቱን 5 እጥፍ ነው፤ 20 ሰከንድ ከሆነ ደግሞ 6 እጥፍ ተኩል።