የክረምት ውኃ፥ የበጋ እንግዶች

በሐዲያ ምድር በሻሾጎ ወረዳ የሚገኘው የቦዮ ሐይቅ በክረምት ዝናብ እየሰፋ በዙሪያው ያለውን ረግረግ ይሸፍናል። ከሀቢቾና ከሆሳዕና የሚሄድ ቤተ ሰብ ጃንጥላውን ይዞ በዳሩ ቢዞር ዝይና ዳክዬ ያያል፤ የሐይቁ ዋና እንግዶች ግን የሚሰበሰቡት በበጋ ነው።

ከእነርሱም አንዷ፥ ከአገጯ ሥር ነጭ ጉትቻ መሰል የሚንጠለጠልባት፥ ሊቃውንት «ዋትልድ ክሬን» የሚሏት፥ በአፍሪካ ብቻ የምትኖር ረጅም ወፍ ናት፤ አብዛኛውን ጊዜ የምታሳድገውም አንዲት ጫጩት ብቻ ነው። ከአውሮፓ የሚመጡ ዘመዶቿም ከእርሷ ጋር ይሰማራሉ።

ነቢዩ ኤርምያስ (8፥7) ወፎች የመምጫቸውን ጊዜ ማወቃቸውን ለሰው ተግሣጽ አድርጎ ያነሣል። ቀናቸውን ጠብቀው ሲደርሱ ረግረጉ በቦይ ደርቆ ቢያገኙት ግን ወዴት ይሄዳሉ? እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ዛሬ ዝናቡ የሚሞላው ውኃ የእንግዶቹ ስንቅ መሆኑን ለልጆቻችሁ አሳዩ።